የሳር ትራክተር ቺንጋ፦ የዴኩ በአንድ ሰመር ሁለቴ ተበላ፣ የመንጃውስ እስከ መቼ ይቆያል?

ጓሮዬ_ሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። ማሽኑ ተቀምጠው የሚነዱት የሳር ማጨጃ ነው፤ ዴኩ፣ ማለትም ቢላዎቹን የያዘው የታችኛው ክዳን፣ 42 ኢንች፣ ቢላው ሁለት፣ ካምቢዮው ሃይድሮስታቲክ (በዘይት ግፊት የሚሠራ)፣ ቢላውን የሚያስነሳው ኤሌክትሪክ ክላች። ሰዓት ቆጣሪው 187 ላይ ደርሷል። ግቢው ሦስት አራተኛ ኤከር ነው፤ ሳሩ ፌስክዩ፣ ግማሹ ዳገት።

ከፋብሪካ የመጣው የዴክ ቺንጋ (ቢላዎቹን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ) 170 ሰዓት ሠርቶ ተበጠሰ፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም። የተተካው ግን በ11ኛው ሰዓት በፑሌጃው (ቺንጋው በሚዞርበት ክብ ብረት) ቦይ ውስጥ ተገልብጦ ወጣ። ሦስተኛው ደግሞ 6 ሰዓት ሳይሞላው አንድ ጎኑ ክር ክር ብሎ ተተለተለ። ሁለቱም የተገዙት ከሃርድዌር ሱቅ ነው፤ የተበጠሰውን ቺንጋ በሜትር ለክቶ በማመሳሰል። ቢላው ሲነሳ ለ3 ሰከንድ ያህል ይጮሃል፤ የተቃጠለ ጎማም ይሸታል።

የምጠይቀው፦ እነዚህ ቺንጋዎች በትክክል ቢያዙ ስንት ሰዓት መሥራት አለባቸው? የዴኩን በዚህ ፍጥነት የሚበላው ምንድን ነው? የመንጃው፣ ማለትም ከሞተር ወደ ካምቢዮ የሚሄደው፣ እስካሁን የፋብሪካው ነው፤ ሳይበጠስ አሁኑኑ ልቀይረው ወይስ ልተወው?

ብሎን_ፈቺ

ወንድሜ፣ ቺንጋ በዓመት ሲቆጠር ያሳስታል፤ በሰዓት ቁጠረው። በእናንተ በኩል የማጨጃው ወቅት ከኤፕሪል እስከ ኖቬምበር መግቢያ ነው፤ በሳምንት አንዴ ቢታጨድ 30 ጊዜ ገደማ ይመጣል። ሦስት አራተኛ ኤከር በ42 ኢንች ዴክ ከ50 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ በዓመት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ትሠራለህ ማለት ነው። ለቤት ማሽን፣ የዴክ ቺንጋ ከ100 እስከ 200 ሰዓት ከሠራ ደህና ሠርቷል እላለሁ። የመንጃው ብዙውን ጊዜ የዚያን እጥፍ ይቆያል። እንግዲህ የፋብሪካው 170 ሰዓት ድርሻውን ጨርሶ ነው የሄደው። የ11 እና የ6 ሰዓቶቹ ግን ተገድለው እንጂ አርጅተው አይደለም፤ ገዳዩ እስካልተገኘ ድረስ አራተኛውም ይከተላቸዋል።

የዴኩ ለምን ቀድሞ እንደሚያልቅ በቁጥር ላሳይህ። የሞተሩ ፑሌጃ 5 ኢንች ስፋት ቢኖረውና ሞተሩ በደቂቃ 3,300 ዙር ቢዞር፣ ቺንጋው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። 95 ኢንች ርዝመት ያለው ቺንጋ በዚህ ፍጥነት ዙሪያውን በደቂቃ 545 ጊዜ ይጨርሳል። መንገዱ ላይ አምስት ፑሌጃ ካለ በአንድ ሰዓት ከ160,000 ጊዜ በላይ ይታጠፋል ማለት ነው፤ ያውም በጠፍጣፋው መወጠሪያ (ቺንጋውን ወጥሮ በሚይዘው ፑሌጃ) ላይ ወደ ጀርባው እየታጠፈ። በዚያ ላይ የሳር ብናኝ፣ አሸዋ፣ እርጥበት፣ ክላቹ በተነሳ ቁጥር የሚመጣው ድንገተኛ ጉተታ፣ ቢላው ሥርና ድንጋይ ሲመታ የሚደርሰው ምት አለ። የመንጃው ይህ ሁሉ የለበትም፤ ጭነቱ ለስላሳ ነው፣ ከዴኩ በላይ ስለሆነም ቆሻሻው ይቀንስለታል።

አሁን የሞቱትን ቺንጋዎች አውጣና እያቸው፤ አልጣልካቸውም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። አሟሟታቸው ምክንያቱን ይናገራል።

ሁለቱ ጎኖቹ እንደ መስታወት ካብረቀረቁ ሲንሸራተት ኖሯል፤ ወይ ላልቷል፣ ወይ የፑሌጃው ቦይ ተበልቷል፣ ወይ አንዱ ኩሽኔታ አልዞርም ብሏል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተቃጥሎ ከጎደጎደ ስፒንድሉ (ቢላው የታሰረበት ዘንግ) ተይዞ ቺንጋው ቆሟል፤ የሞተሩ ፑሌጃ ግን እዚያው ቦታ ላይ እየዞረ ፍቆታል። ከውስጥ በኩል አግድም ከተሰነጣጠቀ ሙቀት ወይም እርጅና ነው። ሌላው አካሉ አዲስ መስሎ አንድ ቦታ ላይ ተቆርጦ ከተገኘ ሲገባ በካቻቢቴ ተፈልቅቆ ውስጡ ያለው ክር ተሰብሯል፤ ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ነው፣ ጉዳቱም ያን ቀን አይታይም። አንድ ጎኑ ብቻ ከተተለተለ፣ እንደ ሦስተኛህ ማለት ነው፣ ከሁለት አንዱ ነው፦ ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም፣ ወይም ቺንጋው የመጠበቂያውን ዘንግ (ከፑሌጃው እንዳይወጣ የሚይዘውን) ወይም የዴኩን ላሜራ እየነካ ይሄዳል። የተገለበጠ ቺንጋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የላላ ወይም የረዘመ ነው፤ አንዳንዴም ውስጡ ያለው ክር በአንድ በኩል ተበጥሶ።

ስለዚህ አዲስ ከመግዛትህ በፊት ቺንጋውን አውጥተህ እያንዳንዱን ፑሌጃ ለየብቻ በእጅህ አዙረው። ቺንጋው እያለ አትሞክር፤ ሁሉም አብሮ ስለሚዞር የትኛው እንደሚያጉረመርም አይለይም። ቁልፉን ከማሽኑ አውጣ፣ የካንዴላውን ገመድ ንቀል፣ ጓንት አድርግ። ያገኘኸውን እዚህ ጻፍልን።

ሳሩ_በጠዋት

ብሎን ፈቺ ያለው ትክክል ነው፤ እኔ ግን ግዢው ላይ ነው ዓይኔ ያረፈው። የተበጠሰ አሮጌ ቺንጋ በሜትር መለካት ትልቁ ወጥመድ ነው። አሮጌው ተለጥጧል፣ ጎኑም ተበልቷል፤ ከእሱ የሚወሰደው ልክ የአዲሱ ልክ አይደለም። ከመቀመጫው ሥር የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ውሰድና የክፍሉን ቁጥር ከመመሪያው አውጣ።

ሱቅ ውስጥ ቺንጋው ላይ የሚታተመውን ቁጥር እንዲህ ታነባለህ። 4ኤል960 ከሆነ፣ 4 ማለት አራት ስምንተኛ፣ ማለትም ግማሽ ኢንች የላይ ስፋት፤ 960 ማለት ደግሞ 96.0 ኢንች የውጭ ዙሪያ ነው። 5ኤል ከሆነ ስፋቱ ወደ አምስት ስምንተኛ ይሄዳል። ኤ94 ብሎ የተጻፈው ግን ሌላ ቋንቋ ነው፤ ስፋቱ ያው ግማሽ ኢንች ሆኖ 94 የሚለው የውስጥ ዙሪያውን ነው። የኤ ዓይነት የውጭ ዙሪያውን ለማግኘት 2 ኢንች ያህል ትጨምራለህ፤ ለቢ ዓይነት 3 ኢንች ያህል። ኤ94 እና 4ኤል960 በርዝመት አንድ ናቸው ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው 96 ፈልጎ ኤ96 ይገዛና 2 ኢንች የረዘመ ቺንጋ ይዞ ቤቱ ይገባል።

ርዝመቱ ልክ ቢሆን እንኳ ውስጡ ያለው ክር ይለያል። ተራው ቺንጋ ክሩ ፖሊስተር ነው፤ ለውሃ ፓምፕና ለአየር ማራገቢያ የተሠራ፣ ወደ ጀርባ መታጠፍን እምብዛም የማይወድ። ለሳር ማጨጃ የሚሠራው በአራሚድ ክር ነው፤ ሰዎች ኬቭላር የሚሉት ዓይነት። እምብዛም አይለጠጥም፣ ድንገተኛውን ጉተታ ይችላል፣ የጨርቅ ሽፋኑም መወጠሪያው ሲላላ ፑሌጃውን በቀላሉ እንዲለቅ ሆኖ የተሠራ ነው። ይህ የመጨረሻው ነገር የደህንነት ጉዳይ ነው። ቢላው በእጀታ በሚነሳባቸው ዴኮች ላይ ጎኑ ያልተሸፈነ የመኪና ቺንጋ ቢገባ፣ እጀታው ተመልሶም ቺንጋው ፑሌጃውን ይዞ ቢላውን ማዞር ሊቀጥል ይችላል። ቢላው ማስነሻው ከተዘጋ በኋላ በ5 ሰከንድ ውስጥ መቆም አለበት። ካልቆመ ማሽኑ እስኪታይ ድረስ አይነዳ፤ ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም።

ጓሮዬ_ሜሪላንድ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አውርጄ አየሁት። ሁለቱ ስፒንድሎች ያለ ድምፅ ይዞራሉ፣ ወደ ጎንም አይነቃነቁም። ጠፍጣፋው መወጠሪያ ደህና ነው። ቦይ ያለው መወጠሪያ ሲዞር አሸዋ እንደገባበት ያጉረመርማል። እሱን የተሸከመው ክንድ ደግሞ ጫፉ ላይ ተይዞ ሲነቀነቅ ወደ ላይና ወደ ታች ሩብ ኢንች ያህል ይሄዳል። የሞተሩ ፑሌጃ ቦይ ወለሉ ያብረቀርቃል።

ቺንጋዎቹ ላይ የተጻፈው፦ የተገለበጠው ኤ96፣ የተተለተለው 4ኤል950። መመሪያው ግማሽ ኢንች በ95 ተኩል ይላል።

ብሎን_ፈቺ

ሁለቱም ገዳዮች ተገኙ፤ የተለያዩ ናቸው።

ኤ96 የውጭ ዙሪያው 98 ኢንች ያህል ነው፤ ከሚፈለገው 2 ተኩል ኢንች ይበልጣል። የመወጠሪያው ክንድ ሄዶ ሄዶ መቆሚያው ላይ ደረሰ፣ ሞላው ከዚያ በኋላ የሚስበው የለም፣ ቺንጋው ሳር ሲበዛበት እየተርገበገበ ተገለበጠ። 4ኤል950 በርዝመቱ ግማሽ ኢንች ቢያጥርም በዚያ ብቻ አይሞትም ነበር። እሱን የገደለው ክንዱ ነው። ክንዱ ሲያዘነብል መወጠሪያው አብሮ ያዘነብላል፣ ቺንጋውም ወደ ቦዩ ጠማማ ሆኖ ይገባል፤ አንዱን ጎኑን የፑሌጃው ከንፈር እንደ ቢላ ይልጠዋል። ቺንጋ የሚችለው ጥመት በጣም ትንሽ ነው፤ የሚሠራበት ልክ ግማሽ ዲግሪ ነው፣ ማለትም በሁለት ፑሌጃ መካከል ለእያንዳንዱ 1 ጫማ ርቀት አንድ አሥረኛ ኢንች። የአንተ ክንድ ግን በራሱ ርዝመት ውስጥ ብቻ ሩብ ኢንች ሄዷል።

ክንዱን ፍታው። የሚበላው የሚዞርበት ብሎን ትከሻ ወይም ክንዱ ውስጥ ያለው ቡሽ (ብሎኑ የሚያልፍበት ቀለበት) ነው። ቀዳዳው ክብነቱን አጥቶ የእንቁላል ቅርጽ ካወጣ ክንዱ ራሱ ይቀየራል፤ ቡሹ ብቻ ከተበላ ቡሽና ብሎን ይበቃሉ። የሚሰበሰበው ግራሶ ተቀብቶ ነው፤ ዳዶው ከጠበቀ በኋላ ክንዱ በጣት ገፋ ሲደረግ በነፃ መሄድ፣ ሞላው ሲስበውም መመለስ አለበት። ዳዶውን አጥብቀህ ክንዱን ካሰርከው ሞላው መወጠር አይችልም፤ እንደገና የላላ ቺንጋ ታገኛለህ። ሞላውንም ፈትተህ እየው። ሳይሳብ ሲቀመጥ ቀለበቶቹ መካከል ብርሃን ከታየ ደክሟልና ቀይረው።

የሚያጉረመርመውን መወጠሪያ ሙሉውን ቀይር። ብዙዎቹ ኩሽኔታው በላሜራው መካከል በሪቬት የታሰረ ስለሆነ አይወጣም። ወጥቶ የሚተካ ዓይነት ከሆነ ብዙ ጊዜ 6203 ነው፤ የውስጡ 17 ሚሊ ሜትር፣ የውጩ 40፣ ውፍረቱ 12። ሁለት ጎማ መሸፈኛ ያለውን ግዛ። ሙሉውን ስትገዛ የውጭ ስፋቱን፣ የቀዳዳውን ስፋትና መካከሉ ከጠርዙ ምን ያህል ወጣ እንደሚል ለክተህ አመሳስል። የመሃሉ እምብርት በአንድ በኩል የሚረዝም ከሆነ ገልብጦ ማሰር ቺንጋውን ከመስመር ያወጣዋል፤ ስለዚህ ከመፍታትህ በፊት የትኛው ጎን ወደ ላይ እንደነበር በቀለም ምልክት አድርግ።

የሞተሩ ፑሌጃ ግን አሳስቦኛል። ቺንጋ ኃይል የሚያስተላልፈው በሁለቱ ጎኖቹ ነው፤ ወለሉን መንካት የለበትም። ወለሉ ማብረቅረቁ ወይ ቺንጋው ጠበበ ወይ ቦዩ ሰፋ ማለት ነው። የፋብሪካው ቺንጋ በ170 ሰዓት ጠብቦ ወለሉን ነክቶት ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለመለየት አዲስ ትክክለኛ ቺንጋ ቦዩ ውስጥ አስቀምጥ። ጀርባው ከፑሌጃው ከንፈር እኩል ወይም ጥቂት ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ፑሌጃው ደህና ነው። ወደ ውስጥ ከሰመጠ ቀጥ ያለ የማስመሪያ ጠርዝ በቦዩ ግድግዳ ላይ አስደግፍ፤ ከመካከሉ 1/32 ኢንች፣ ማለትም 0.8 ሚሊ ሜትር፣ ከጎደጎደ ፑሌጃው ይቀየር። በተበላ ፑሌጃ ላይ አዲስ ቺንጋ ማሰር ገንዘብ መጣል ነው።

ስታስገባው፦ ዴኩን ወደ ታችኛው ከፍታ አውርድ፣ የስፒንድሎቹን ክዳኖች ፍታ፣ የቺንጋውን አካሄድ በስልክህ ከላይ ፎቶ አንሳ። በስፒንድሎቹ አካባቢ የተጠቀጠቀውን ሳር ጥረግ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አንሳ፣ የቦዮቹን ጎን በብርጭቆ ወረቀት አልስልስ። ቺንጋውን መጀመሪያ በሞተሩ ፑሌጃ፣ ቀጥሎ በስፒንድሎቹ፣ መጨረሻ ላይ ክንዱን በረጅም ቁልፍ ስበህ በመወጠሪያው አስገባ። በኃይል የሚገባ ከመሰለህ ወይ አካሄዱ ተሳስቷል ወይ ቺንጋው አጥሯል፤ ካቻቢቴ አታንሳ። ቦይ ባለው መወጠሪያ ላይ ጠባቡ ጎን፣ በጠፍጣፋው ላይ ሰፊው ጀርባ ነው የሚያርፈው። ከዚያ ሁሉም መጠበቂያ ዘንግ ከቺንጋው ውጭ መሆኑን አንድ በአንድ እይ፤ አንዱን ከውስጥ ትተኸው ከሆነ 10 ደቂቃም አይቆይም።

የፌርፋክስ_ጋራዥ

ስለ ጩኸቱ የምጨምረው አለኝ። ኤሌክትሪክ ክላች ባለበት ማሽን፣ ሲነሳ የሚሰማው ጩኸት የቺንጋው ወይም የክላቹ ሊሆን ይችላል፤ መለየት አለብዎት። የቺንጋው ከሆነ የጎማ ሽታ አለው፤ አዲስ ቺንጋ በትክክል ተወጥሮ ሲገባ ይጠፋል። የክላቹ ከሆነ ሽታው እንደ ተቃጠለ ፍሬን ነው፤ ቺንጋው ተቀይሮም ይቀጥላል።

ክላቹን ለማየት መጀመሪያ ባትሪው ይለካ። ሞተሩ እየሠራ 13.5 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካላሳየ ክላቹ በሙሉ ኃይሉ ላይይዝ ይችላል። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው የክላቹን ሶኬት ይንቀሉና የመጠምጠሚያውን መቋቋም ይለኩ፤ አብዛኞቹ ከ2 እስከ 4 ኦም ያሳያሉ። ማስተካከያ ዳዶ ያላቸው ክላቾች ደግሞ ክፍተታቸው በስስ የብረት መለኪያ ቅጠል በሦስቱም መስኮቶች ይታያል። ብዙ መመሪያዎች 0.012 ኢንች አካባቢ ይጠይቃሉ፤ የእርስዎን ማሽን ቁጥር ከመመሪያው ይውሰዱ። ሦስቱ መስኮቶች እኩል ካልሆኑ ክላቹ ጠማማ ይይዛል።

ቢላውን ሲያስነሱ ሞተሩን ግማሽ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርገው ያስነሱ፤ ካነሱ በኋላ ወደ ሙሉ ይውሰዱት። ሙሉ ጋዝ ላይ፣ ያውም ረጅም ሳር ውስጥ ቆመው ማስነሳት ቺንጋውንም ክላቹንም ያሳጥራል። ረጅሙን ሳር በሁለት ጊዜ ይጨዱት፤ ከቁመቱ ሲሶ በላይ በአንዴ አይውሰዱ። ፌስክዩ በ3 እና በ4 ኢንች መካከል ቢቆይ ለራሱም ይስማማዋል፣ ለቺንጋውም ጭነት ይቀንሳል።

የመንጃውን በተመለከተ፦ በ187 ሰዓት፣ ሃይድሮስታቲክ ከሆነ፣ ዝም ብሎ ለጥንቃቄ መቀየር አያስፈልግም፤ ግን ዴኩ ወርዶ ሳለ ይመርመር። ጎኑ ካላብረቀረቀ፣ ካልተሰነጠቀ፣ ጨርቁ ካልተላጠና ዘይት ካልነካው ይቀጥል። ዘይት ከነካው ግን ምንም ያህል አዲስ ቢሆን ይቀየራል፤ ዘይቱ ጎማውን ያሳብጠዋል። የሚፈሰው ከየት እንደሆነም ይፈለግ፤ ከሞተሩ የታችኛው ማኅተም (ዘይት እንዳይፈስ የሚከለክለው ጎማ) ከሆነ አዲሱም ይበላሻል።

ዳገት ላይ ማሽኑ ሲደክም ሁሉም ሰው ቺንጋውን ይወቅሳል። ልዩነቱ እንዲህ ነው። ቺንጋው ሲንሸራተት ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ይታያል፤ ሲነሳ ይጎትታል፣ ይጮሃል፣ ሳሩ ጤዛ ሲኖረው ይብሳል። ካምቢዮው ከደከመ ግን ሲቀዘቅዝ ጥሩ ይሄድና ከ20 ወይም ከ30 ደቂቃ በኋላ ዘይቱ ሲሞቅ ዳገቱን እምቢ ይላል፤ ቺንጋ ቢቀየር ለውጥ የለውም። ሌላም አለ፤ ማሽኑን በእጅ ለመግፋት ካምቢዮውን የሚፈታው እጀታ ጥቂት ተስቦ ከቀረ በትክክል እንደ ላላ ቺንጋ ያደርጋል። አንድ ብር ሳይወጣ የሚስተካከል ነገር ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ይዩ።

ጓሮዬ_ሜሪላንድ

የመንጃው አንድ ቦታ ላይ ጨርቁ ተልጧል፤ ወደ 4 ኢንች ርዝመት ያህል። ዘይት የለውም። ዴኩ ወርዶ ሳለ ልቀይረው ወስኛለሁ። ሥራው ምን ያህል ይከብዳል?

የፌርፋክስ_ጋራዥ

ጨርቁ ከተላጠ መወሰንዎ ልክ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራው ሰው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይመድቡ። የዴኩን ቺንጋ ከመቀየር ይከብዳል፤ የሚከብደው ግን ጉልበት ስለሚጠይቅ ሳይሆን ቦታው ስለሚጠብ ነው።

ማሽኑን ከፊት ከፍ ካደረጉ በክሪክ ብቻ አይተማመኑ፤ ከሥሩ ጠንካራ ማቆሚያ ያድርጉ፣ የኋላ ጎማዎቹንም ከፊትና ከኋላ ይደግፉ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ይንቀሉ። የክላቹን ሶኬት ነቅለው መካከሉን ብሎን ይፍቱ፤ ክላቹ ወደ ታች ይወርዳል። ሲወርድ ከዘንጉ ላይ ያለውን ቁልፍ፣ ትንሿን አራት ማዕዘን ብረት፣ እንዳትጠፋ ይያዙ። የመንጃው ፑሌጃ ከክላቹ በላይ ነው።

መወጠሪያውን ለማላላት በአንዳንድ ማሽን ፔዳሉን ረግጦ የእጅ ፍሬኑን መያዝ ይበቃል፤ በሌሎች ሞላው ይወጣል። ሞላው ሲወጣ ፊትዎን ያርቁ። የካምቢዮው ፑሌጃ ላይ ያለው የፕላስቲክ ማራገቢያ ነው ብዙ ሰው የሚሰብረው። ቺንጋው በማራገቢያውና በቻሲው መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት አንድ በአንድ ክንፍ እያዞሩ ያልፋል፤ አይጎትቱት፣ ማራገቢያውን እያዞሩ ይስጡት። አንድ ክንፍ ከተሰበረ ካምቢዮው ይሞቃል፤ ያ ደግሞ ከቺንጋ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ጉዳት አይደለም።

ሲመለስ ሁለት ነገር እንዳይረሳ። የክላቹ መካከለኛ ብሎን በብዙ ማሽኖች 50 ፓውንድ ጫማ አካባቢ ይጠብቃል፤ ቁጥሩን ከመመሪያው ይውሰዱና በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ያጥብቁ። ሁለተኛው፣ ክላቹ ላይ ያለው ጎድጎድ ቻሲው ላይ ወዳለው መያዣ መግባት አለበት። ካልገባ ክላቹ ራሱ ከሞተሩ ጋር መዞር ይጀምርና ሽቦውን በአንድ አፍታ ይበጥሰዋል።

ጆርጂያ_ቀይ_አፈር

ከደቡብ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ በርሙዳ ሳር አጭር ስለሚታጨድ ቢላው ከመሬት አይርቅም፤ ቀዩ አፈር እየቦነነ ቦዮቹን እንደ ሞረድ ይፈጋቸዋል። እንዲህ ባለ ቦታ የዴክ ቺንጋ 200 ሰዓት ይደርሳል ብላችሁ አትጠብቁ። በየ25 ሰዓቱ ክዳኖቹን ከፍቶ በአየር መንፋት ዕድሜውን ያራዝመዋል። በአየር እንጂ በውሃ አይደለም። ዴኩ ላይ የጎማ ቱቦ የሚገጠምበት ማጠቢያ ካለ ከታጠበ በኋላ ቢላውን 2 ወይም 3 ደቂቃ አስነስቶ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ውሃውን በቀጥታ ኩሽኔታ ላይ መርጨት ግን ግራሶውን አጥቦ ያስወጣዋል።

የሚንሸራተት ቺንጋ ላይ የሚረጩትን ማጣበቂያ ቅባትም ተዉት። ለጥቂት ቀን ጩኸቱን ያጠፋል፣ ከዚያ ብናኙን ሁሉ ይሰበስብና ቺንጋው ላይ ቅርፊት ይሠራል። ወፍጮ ቤት ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ቺንጋው ሲላላ ሬንጅ ነገር ቀብተው ያስነሱታል፣ ማግስቱን ግን ያው ነው።

ትርፍ አንድ የዴክ ቺንጋም ገዝታችሁ አስቀምጡ። ግን ሚስማር ላይ አይሰቀልም፤ በአንድ ነጥብ ታጥፎ ቅርጹን ይይዛል። ሳይጠመዘዝ በሰፊ ክብ ተጠቅልሎ ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ ይቀመጥ። ከ85 ፋረንሃይት በታች፣ እርጥበት በሌለበት ቦታ 6 ዓመት ያህል ጉዳት ሳይደርስበት ይቆያል። የጆርጂያ ሼድ ግን በጁላይ ከዚያ በጣም ያልፋል፤ ቤት ውስጥ አስገቡት።

ጓሮዬ_ሜሪላንድ

ክንዱ፣ መወጠሪያው፣ ሞላውና ሁለቱም ቺንጋዎች ታዘዋል። የሞተሩ ፑሌጃ በማስመሪያው ሲታይ አልጎደጎደም። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ አዲሱ ከገባ በኋላ በትክክል መግባቱን ሳር ሳልጎዳ በምን አውቃለሁ?

ብሎን_ፈቺ

ከገባ በኋላ ሞተሩን ሳታስነሳ ስፒንድሎቹን በእጅህ ጥቂት ዙር አዙር፤ ቺንጋው የትም ሳይነካ በየቦዩ መቀመጡን እይ። ክዳኖቹን መልሰህ እሰር። ከዚያ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ፣ ሳር በሌለበት፣ ሞተሩን መካከለኛ አድርገህ ቢላውን 5 ደቂቃ አሽከርክር። ሰው አጠገብ አይኑር። አጥፋ፣ ቁልፉን አውጣ፣ ቢላው መቆሙን እይና ቺንጋውን በእጅህ ንካ። ለብ ካለ ጥሩ ነው። መያዝ እስኪያቅትህ ከሞቀ፣ ወደ 140 ፋረንሃይት ማለት ነው፣ እየተንሸራተተ ነው። ይህን ቀላል አድርገህ አትየው፤ የቺንጋው ሙቀት በ18 ፋረንሃይት ከፍ ባለ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል የሚለው የቺንጋ ሠሪዎቹ ልክ ነው። ፑሌጃዎቹንም ለየብቻ ንካ፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከሞቀ ኩሽኔታው ነው።

ቢላውን ስታጠፋም ሰዓት ያዝ፤ 5 ሰከንድ።

አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያው 1 ሰዓት ጎኑ ቦዩ ውስጥ እየተስተካከለ ትንሽ ይላላል። ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ሳትሠራበት፣ የመወጠሪያው ክንድ የቆመበትን ቦታ ዴኩ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አድርግ። ከ1 ሰዓት በኋላ እየው፤ ጥቂት መሄዱ ያለ ነው። ከዚያ በየ25 ሰዓቱ አብረህ ተመልከት። ክንዱ ወደ መቆሚያው ሲጠጋ፣ ቺንጋው ገና ደህና ቢመስልም፣ ሞላው የሚስብበት ቦታ እያለቀበት ነውና ትርፉን ከቤት አውጣ።

ጓሮዬ_ሜሪላንድ

ምልክቱን ዛሬ አደርጋለሁ፤ ቆጣሪው 188 እና 212 ላይ ሲደርስ ክንዱ የት እንደቆመ እዚሁ እጽፋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።